እንጉርጉሮዬን ማን ሰጠህ?

«መጣህ? እስካሁን የት ነበርክ? በል ና፣ ይቺን በር አጥብቅልኝ!»

የጠፈር አብራሪዋ ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችው በቁጣ ነበር። ፍቅር አንዳንዴ እንዲህ ተሳስቶ ነው የሚገባው፣ ልጆቼ። እሷ በመለማመጃው መንኮራኩር ውስጥ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ በሩን የሚጠግን ሰው ስትጠብቅ ነው ያረፈደችው። እሱም «እኔ እኮ...» ብሎ ሳይጨርስ መፍቻውን አቀበለችው። ግራ ገብቶት ጎንበስ አለ። ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ብሎኑ ወይ ፍንክች!

«አንተ ሰውዬ፣ መፍቻውን እንዴት ነው የያዝከው? እንደ እስክሪብቶ!»

«ይቅርታ... ደራሲ ነኝ።»

ለካ ስለ ጠፈር በረራ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ኖሯል። የሱ መጽሐፍ ደግሞ በሰማይ ስለሚኖሩ ጭራቆች የሚያወራ አይደለም፤ ነገ ከነገ ወዲያ በእርግጥ ሊሆን የሚችለውን ነው የሚጽፈው። ጠፈርተኞች እንዴት እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚተኙ ለመጠየቅ ማሰልጠኛ ማዕከሉን አስፈቅዶ መጥቶ ነው። እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ።

«ደግሞ ዛሬ ምን ልትጠይቀኝ ነው?» አለችው ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ሻይዋን እያማሰለች።

«እላይ፣ ክብደት በሌለበት ቦታ፣ እንባ ይወርዳል?»

«አይወርድም። ዓይንህ ላይ ይጠራቀምና ቁጭ ይላል። ስለዚህ እዚያ የሚያስለቅሰኝ ሰው አልፈልግም።»

«እዚህስ?»

«እዚህም!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አለቀበትና ያለ ጥያቄ ይመጣ ጀመር።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄዱ «የመንኮራኩሩ በር ሲዘጋብሽ ግን ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«አንጎራጉራለሁ» አለችው። «እማ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነበረች። መርፌ ስትወጋቸው ታንጎራጉርላቸዋለች። እንጉርጉሮ ትንፋሽ ያረዝማል፣ ትንፋሽ ሲረዝም ሰውነት ይረጋል ትላለች። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

እጇን ያዘ። እሷም ልቧን የሰጠችው ያን ጊዜ ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ላቧን ያፈሰሰችለት ረጅም በረራ ደረሰና ተመረጠች። ከደስታ ብዛት ዘላ ልትሞት! ግን ደስታው ሳይበርድ አለቃዋ ቢሮው ጠራት። ጠረጴዛው ላይ አዲስ መጽሐፍ ተቀምጧል። የሱ መጽሐፍ!

«ይሄን አንብበሻል?»

«ገና ነኝ፣ አለቃ። ድንገት ሊያስደስተኝ ደብቆኝ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ላንብብልሽ።»

አነበበላት። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት አብራሪ አለች፤ በሩ ሲዘጋ ታንጎራጉራለች። እንጉርጉሮው ቀስ በቀስ ወደ ጩኸት ይለወጣል። በመጨረሻ አእምሮዋን ስታ በሩን ትከፍትና ጓደኞቿን ሁሉ ታስጨርሳለች።

«የምታንጎራጉሪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ግን...»

«ሰውዬው ያላየውን አይጽፍም ይባላል። ከበረራው ወጥተሻል።»

እስቲ ፍረዱ፣ ልጆቼ! ስንት ፈተና ያለፈች ሴት በልብ ወለድ ተፈርዶባት ትውጣ? ውጤቷን የገለጠ የለም። ሐኪሟን የጠየቀ የለም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው!

በቀጥታ ወደ ደራሲው ቤት ሄደች። በስጦታ ወረቀት የጠቀለለውን መጽሐፍ ይዞ እየሳቀ በሩን ከፈተላት።

«እንጉርጉሮዬን ማን ሰጠህ?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ስምሽን እኮ አልጠራሁም...»

«ስሜን! ከስሜ በቀር ሁሉንም ወሰድክ! ማዕከሉን አስፈቀድክ፣ ዘበኛውን አስፈቀድክ፣ ወንበሩን ፎቶ ለማንሳት እንኳ አስፈቀድክ። እኔንስ?»

«ታሪኩ እንዲያምር... ፍርሃት ያስፈልገው ነበር።»

«ፍርሃት ካስፈለገህ የራስህን አትጽፍም? እናቴ ሕፃናት ያረጋጋችበትን አንተ የእብድ ጩኸት አደረግከው! ከበረራው አወጡኝ እኮ!»

«ምን? ... እኔ እወድሻለሁ እኮ!»

«የሚወድ ሰው ያዳምጣል። አንተ ትለቅም ነበር።»

በሩን ድርግም አድርጋበት ወጣች።

እናቷ ጭን ላይ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት እናት ጸጉሯን እየደባበሱ «ጨረስሽ?» አሏት።

«ጨረስኩ፣ እማ።»

«እንግዲያው ፊትሽን ታጠቢና ተመለሺ። እኔ የማንጎራጉረው ልጆቹ ከመርፌው እንዲሸሹ አልነበረም።»

በማግስቱ የአለቃዋን ቢሮ ስትከፍት ደራሲው ቀድሟት ቆሟል።

«እንጉርጉሮው የሷ ነው፤ ጩኸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ይላል። «መጽሐፉንም ከሽያጭ እንዲያወጡት ለአሳታሚዎቹ ነግሬያለሁ።»

«አንተን ማን ጠራህ?» አለችው። «ምስክር አልፈለግኩም!»

«ጥፋቴን ልናገር እንጂ ላድንሽ አልመጣሁም።»

ወደ አለቃዋ ዞረች። «አለቃ፣ መጽሐፉንም እሱንም ይተዉት። በሩን ይዝጉብኝና እስኪበቃዎ ያቆዩኝ። ከፈራሁ ትንፋሼ ይፈጥናል፤ የአየር መለኪያዎ ይናገር!»

መለማመጃው መንኮራኩር ውስጥ አስገብተው ዘጉባት። መብራት አጠፉባት። የአደጋ ደወል አስጮሁባት። ከውስጥ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ያ እንጉርጉሮ ቀስ ብሎ ወጣ። ደወሉ ሲጮህ እንጉርጉሮው አልጮኸም፣ አልተሰበረምም። የአየር መለኪያውን የሚከታተሉት ሐኪም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አዩ።

«አለቃ፣ እዚህ ከገቡት ሁሉ እንደሷ አየር የቆጠበ የለም። ሌሎቹንም ማንጎራጎር ብናስተምራቸውስ?»

በሩ ሲከፈት አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦታሽ... የበረራ ቦታሽ ያንቺው ነው።»

«ይቅርታውስ?» አለች ከወንበሯ ሳትነሳ።



«ይቅርታ» አለ አለቃው።

ደራሲውን ግን ቀና ብላ ሳታየው አለፈች። እሱም አልጨቀጨቃት። አንባቢዎቹን ሰብስቦ «ያን ገጽ የጻፍኩት ሳላስፈቅድ ነው፤ ያውም አጣምሜ» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። የሳቁበትም ነበሩ።

ጠፈርተኞች ከመብረራቸው በፊት ጉንፋን እንኳ እንዳይዛቸው ከሰው ይለያሉ፤ ቤተሰብ የሚሰናበታቸው ከመስተዋት ጀርባ በስልክ ነው። እናቷ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም።

«እማ! እሱን ለምን አመጣሽው?»

«በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቆሞ ይቅር? ልጄ፣ ና አናግራት።»

ስልኩን ተቀበለ።

«እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለችው ኮስተር ብላ።

ኪሶቹን አንድ በአንድ ገልብጦ አሳያት። መሐረብ፣ ቁልፍ፣ የከረሜላ ልጣጭ። ሳቋ አመለጣት።

«ገና አልበረደልኝም፣ እሺ?»

«ተቆጥተሽም እጠብቅሻለሁ።»

መዳፏን መስተዋቱ ላይ አሳረፈች። እሱም ከወዲያ በኩል መዳፉን ገጠመ።

ከጠፈር ስትደውል ደራሲው እናቷ ቤት ሳሎን ተቀምጦ ነበር። እናት አውርተው ሲጠግቡ ስልኩን ሰጡት።

«እንባ አይወርድም ብዬህ አልነበር?» አለችው ከዚያ ሁሉ ርቀት። «ይኸው ዓይኔ ላይ ቆሞ ምድርን ጋረደኝ!»

«ማነው ያስለቀሰሽ?»

«አንተ ነሃ! ናፈቅከኝ... ቆይ፣ በሩ ሲዘጋ የማንጎራጉረውን ላሰማህ።»

አሰማችው።

«ልጻፈው?» አላት።

«አትጻፈው። ስማው ብቻ።»

ሰማው።

ተመልሳ ስትመጣ ተጋቡ። ዛሬም ስለ ጠፈር ይጽፋል፤ የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ ናት፣ ያልፈቀደችውን በቀይ ትሰርዝበታለች፣ እሱም እያጉረመረመ ያወጣል። ያ እንጉርጉሮ ግን በየትኛውም መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔም ይህን ያወጋኋችሁ አስፈቅጄ ነው። ዜማውን ብለምናት ግን... «እሱስ የኔ ነው» አለችኝ።