የጀልባዋ የመጨረሻ ብረት

ሰዎች ስለ ጂን ማውራት ሲጀምሩ ከመሀል ተነስቼ የምሄደው እኔ ነበርኩ፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ወሬው ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ስለነበር ነው፣ አሁንም ይህን የምጽፈው እመኑኝ ብዬ ልለማመጣችሁ ሳይሆን ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት የነበረውን ክረምት ያሳለፍኩት ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ከሚኖሩት አጎቴ ከአያ ሙሔ ዘንድ ነው። አያ ሙሔ በንጉሡ ዘመን የመጣች አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ አለቻቸው፣ መብራቷ፣ የእጅ መደገፊያዋ፣ የገመድ ማሰሪያዋ ሁሉ ኒኬል ነው፣ ድሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ከማዶ ይታይ ነበር። ጦርነቱ ሲቀርብ ልጃቸው ሰይድ እንዳትወሰድ ብሎ ድንጋይ ሞላባትና ሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ አሰመጣት፣ በማግስቱም በአምባሰል በኩል እወጣለሁ ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ ሰው የለም። ጀልባዋ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ወጣች፣ ኒኬሏ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መስሎ።

የሰይድ እናት እትዬ ፋጤ ለቅሶ አልቀመጥም ብለው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «በሌለበት ይሰገድለት፣ አንቺም ይውጣልሽ» ቢላቸው፣ «ጀልባይቱ እንደ ድሮዋ ሆና ውሃ ትግባ፣ እስከዚያ ካልመጣ ያላችሁትን እሆናለሁ» አሉ። ብረቱን የመወልወሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ አንድ ብረት ወልውዬ በጨረስኩ ቁጥር የእሳቸው ቀን ይቀርባል ማለት ነው። አያ ሙሔ ደግሞ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፣ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፣ ከውሃው ወደ ቤት ከቤት ወደ ውሃው ሲመላለሱ ነው የሚውሉት።

መጀመሪያ የእንጨት ሠራተኛ ብርጭቆ ወረቀት አምጥቼ መደገፊያውን አሸሁት፣ ኒኬሉ ተላጠና ከሥሩ ቢጫው ነሐስ ብቅ አለ።

«ምነው ልጄ፣ በግ መሰለሽ እንዴ? ገፈፍሽው እኮ» አሉኝ አያ ሙሔ።

ከዚያ በኋላ ሰይድ ከሳዑዲ የተመለሰ ሰሞን ያሳየኝ ዘዴ ትዝ አለኝ፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጨምድዶ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ እየነከሩ በስሱ እያዞሩ ማሸት ነው፣ ጥቁር ጭቃ ያወጣል፣ ሲጠረግ ያበራል፣ ጉድጓዱ ባይሞላም ዝገቱ ይለቃል። ሰይድ ግራኝ ነው፣ አባቱ «በቀኝህ ሥራ» ሲሉት «ቀኜ ለምግብ፣ ግራዬ ለሥራ» እያለ ያስቃቸው ነበር፣ እሱ ያሸው ብረት ላይ የሚቀሩት ስስ ጭረቶች ሁልጊዜ ከእኔዎቹ በተቃራኒ ይዞራሉ።

የቀረኝ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለው ገመድ የሚጠመጠምበት ባለ ሁለት ቀንድ ብረት ብቻ ሆነ። የዐስር ሶላት ሰዓት ነው፣ ደመና ነው፣ አያ ሙሔ መስጊድ ሄደዋል፣ እትዬ ፋጤ ቤት ውስጥ ናቸው። ጀልባዋ ግንድ ላይ እንደተቀመጠች ትቻት ጨርቄን ላለቀልቅ ወደ ውሃው ወረድኩ። ጎንበስ እንዳልኩ ከኋላዬ ሽክ፣ ሽክ፣ ሽክ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«አያ፣ ይተውት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ ሳልዞር።

ድምፁ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ፣ በደንገሉ ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ዝም ማለታቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ዞርኩ። ማንም የለም፣ ጀልባዋ ብቻ ሰው ከላይዋ እንደወረደ ሁሉ ግንዱ ላይ ቀስ ብላ ስትወዛወዝ አየሁ፣ ነፋስ ደግሞ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ውሃው እንደ ትሪ ተኝቶ ነበር።

ቀረብኩ። አንደኛው ቀንድ በርቷል። ጥቁሩ ጭቃ ገና አልደረቀም፣ ብረቱን ስነካው ይሞቃል፣ ጭረቶቹም በተቃራኒ ይዞራሉ።

አያ ሙሔ ከመስጊድ ሲመለሱ እዚያው ቆሜ አገኙኝ። ቀንዱን አሳየኋቸው። በጣታቸው ነኩት፣ ቶሎ አነሱ፣ አጎንብሰው ጭረቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ለእናቱ እንዳትነግሪ» አሉኝ በመጨረሻ።

«ለምን አያ?»

«ምን ልትያት? መጣ ልትያት ነው፣ ሞተ ልትያት?»

ይህን ስንባባል እትዬ ፋጤ ከደጃፉ ብቅ አሉ።

«ሐያት፣ አለቀልሽ ወይ?»

አያ ሙሔ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ግማሽ ቀርቶኛል፣ እትዬ።»

«አብሽሪ፣ አትቸኩዪ» አሉኝ፣ ድምፃቸው እንዲያ ቀሎ ሰምቼው አላውቅም።

ያን ሌላኛውን ቀንድ አልነካሁትም፣ እንዲሁ እንዳለ ትቼው ወደ ትምህርቴ መጣሁ። ባለፈው ጁምዓ ደወልኩላቸው፣ አያ ሙሔ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓሣው አወሩኝ፣ እትዬ ፋጤ ደህና ናቸው፣ ለቅሶም አልተቀመጡ። ከዚያ አያ ሙሔ ከቤት ራቅ ብለው ወጡ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁለተኛውም እየበራ ነው» አሉኝ። «እኔ እጄን አላሳረፍኩበትም፣ ወላሂ፣ ፋጤም ወደዚያ አትደርስም። ትንሽ ነው የቀረው። ሲያልቅ ምን ትያለሽ ልጄ፣ ጀልባይቱን ውሃ ላስገባት?»

ኔትወርክ እንደተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። እስካሁን መልሼ አልደወልኩም፣ እሳቸውም አልደወሉም።