ሶረቲ የደበቀቻቸው እንቁላሎች

ሶረቲ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አዳማ ውስጥ ከእናቷና ከትንሽ ወንድሟ ከማናሴ ጋር በአንዲት ክፍል ቤት ትኖራለች። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሶረቲ ደግሞ ምን እንደምትወድ ታውቃላችሁ? መጠየቅ! «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? ጉንዳን ይተኛል ወይ?» ትላለች። መልስ ካላገኘች ዕረፍት የላትም።

ማናሴ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሰውነቱ ግን የከሳ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሰብሪና፣ «ከሌላው ምግብ ጋር በቀን አንድ እንቁላል ይብላ» ብላ መከረች። እናቱም ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገዛች።

«ሶሪዬ፣ እኔ ማልጄ ነው የምወጣው። እንቁላሉን ቀቅለሽ የምታበይው አንቺ ነሽ፤ እሺ?»

«እሺ፣ እማዬ።»

መጀመሪያ በደንብ ታበላው ነበር። አንድ ቀን ግን መምህሯ ክፍል ውስጥ፣ «እንቁላል ሙቀት ሲያገኝ ጫጩት ይሆናል» አሉ። ሶረቲ ጆሮዋን አቆመች። ያ ፈሳሽ እንዴት ዓይን ይሆናል? ክንፉስ ከየት ይመጣል?

በማግስቱ እንቁላሉን ይዛ ቆመች። ማናሴ «እን! እን!» እያለ እጁን ዘረጋ።

«ዛሬ ብቻ» አለችውና ሻይ የነካ ዳቦ ሰጠችው። እንቁላሉን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ፣ ካርቶን ውስጥ ከትታ አልጋ ሥር ደበቀችው። የአዳማ ሙቀት መች ያንሳል!

እናቷ ከሥራ ስትመለስ፣ «በላልሽ?» አለች።

«አዎ፣ በላ።»

አያችሁ ልጆች? «ዛሬ ብቻ» ያለችው ነገር ነገም ቀጠለ። አንዱ ቢበላሽስ ብላ ሁለተኛውን ጨመረች። ከዚያ ሦስተኛውን። በየቀኑ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ጭጭ! ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላሎች ሲሞሉ የማናሴ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ደረሰ፤ ሦስቱም አብረው ሄዱ።

ሲስተር ሰብሪና ማናሴን ሚዛን ላይ አስቀምጣ ግንባሯን ቋጠረች። «ምንም አልጨመረም። እንዲያውም ቀንሷል።»

«እንቁላሉን በየቀኑ ይበላል እኮ!» አለች እናቱ።

«እየበላ ከሆነማ ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል። ደም እንመርምር።»

ማናሴ መርፌውን ሲያይ ጮኸ። እጆቹን የዘረጋው ወደ እናቱ አልነበረም፤ ወደ ሶረቲ ነበር።

«ተዉት! አልታመመም!» አለች ሶረቲ። «እንቁላሉን አልበላም። እኔ ነኝ የዋሸሁት!» እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች።

እናቷ ማናሴን አቅፋ ፊቷን አዞረች። ለሶረቲ እናቷ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ሲስተር ሰብሪና ግን አጠገቧ ቁጭ አለች። «ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ጫጩት አጥንቷንም ሥጋዋንም የምትሠራው እንቁላሉ ውስጥ ካለው ምግብ ነው። የማናሴም ሰውነት የሚገነባው እንደዚያ ባለ ምግብ ነው። አውራ ዶሮ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እንግዲያው የእናንተ እንቁላል ዓመት ቢቀመጥም ጫጩት አይሆንም። ለምን አልጠየቅሽም?»

ሶረቲ አንገቷን ደፋች። ያን ሁሉ የምትጠይቅ ልጅ፣ «እንዳትነኪው» እንዳትባል ፈርታ ይህን አንዱን ሳትጠይቅ ቀርታለች።

ቤት እንደገቡ እንቁላሎቹን ጓሮ ቀበረቻቸው። አንዱ ሲሰበርባት ሽታው አፍንጫ ሰነፈጠ። ከዚያ ተንበርክካ እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመነች። ተነሥታም እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ የማናሴን ምግብ ወስጃለሁ። አንቺንም ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እናቷ ወደ ደረቷ ሳበቻት። «ይቅር ብዬሻለሁ። ነገስ ማን ያብላው?»

«እኔ ነኛ!»

በማግስቱ ጠዋት ሶረቲ ትኩሱን እንቁላል እፍ እፍ እያለች ላጠች። ማናሴ የአፉ ዙሪያ በአስኳል ቢጫ እስኪሆን በላ። በሚቀጥለው ወር ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ሲስተር ሰብሪና፣ «ጨመረ!» ብላ አጨበጨበች። ማናሴም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯት አጨበጨበ።

ልጆች፣ ለማወቅ መጓጓት መልካም ነው፤ የሌላውን ድርሻ ወስዶና ዋሽቶ ማወቅ ግን የምንወደውን ሰው ይጎዳል።