የሽልንጉ መልስ

«አባባ፣ መልስ አለዎት?»

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ የቆመችው እሙ ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረች። ግን ምን ታድርግ? እናቷ ወይዘሮ ወለተጻድቅ እግራቸውን አሟቸው ሲቀሩ፣ «በመድኃኔዓለም ቀን ደጁን ባዶ እጅሽን እንዳታልፊ!» ብለዋታል። ያላት ገንዘብ ደግሞ የጃንሆይ መልክ የተቀረጸበት አንድ ሽልንግ፣ ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነው፤ ያውም የጎረቤት ትራስ ስትጠልፍ ከርማ ያገኘችው። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሰፈር ወርዳ በመልሱ ፎቶግራፍ ካልተነሣች የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ያመልጣታል።

ለነዳያን ሽልንግ ሰጥቶ፣ አምስት ሳንቲም ትቶ የቀረውን መቀበል በሰፈሩ ነውር አልነበረም። አጥሩ ጥግ ቆማ የምትጠብቃት ጓደኛዋ አልፊያ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ለፈጣሪ ሰጥታችሁ መልስ ትቀበላላችሁ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ!»

ደጁ ላይ ተቀምጠው የሚለምኑት ዓይነ ስውሩ አባ መሸሻ የሰጠቻቸውን ሽልንግ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ተሳለሙት። ከዚያ ጭናቸው ላይ ባለው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጨምረው ከረጢቱን ወደ እሙ ገፋ አደረጉላት።

«መልስሽን ራስሽ ውሰጂ፣ ልጄ።»

እሙ እጇን ሰደደች። የደረቀ የዳቦ ቁራሽና ጥቂት ሳንቲሞች ነበሩ። ሁሉንም ብታፍሰው መልሷን አይሞላም። ሽልንጓን መልሳ ብትወስድስ? ማን ያያታል?

የሰውዬው ነገር ግን አላስችል አላት። ስለ ሁሉ ነገር ካልጠየቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት።

«አባባ፣ ብሰርቅዎትስ?»

አባ መሸሻ ሳቁ።

«ከእኔ ከረጢት የሚሰርቅማ ከእኔ የባሰበት ነው። እኔም መጸወትኩ ማለት ነዋ!»

«ነገ ምን ሊበሉ?»

«ትናንት ያበላኝን መቼ አየሁትና? የነገውንም አላየውም። ብቻ አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም።»

የእሙ እጅ ከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ቆየ። ሽልንጉ ጣቶቿ ሥር ነበር፤ ገና የእሷው ሙቀት አልለቀቀውም።

ባዶ እጇን አወጣች።

«ወሰድሽ?» አሉ አባ መሸሻ።

«ይቆይልኝ፣ አባባ።»

«መድኃኔዓለም ያቆይልሽ!»

እሙ አልፊያ ጋ ደረሰች። አልፊያ የእሙን እጅ ገለጥ አድርጋ አየችና ጮኸች።

«ሙሉውን? አብደሻል? ፎቶውስ?»

«እንጃ።»

«ምን እንጃ ይባላል! በይ ነይ፣ እናቴን ዘይነባን እንለምናት።»

«አይሆንም። ፎቶ አንሺውን ራሴ እጠይቀዋለሁ። በዱቤ ያንሣኝ፤ ወይ መጋረጃውን ልጥለፍለት።»

አልፊያ ቆም ብላ አየቻት። ይህች ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ላጲስ እንኳ ከሰው ተበድራ አታውቅም፤ ከምትለምን በምራቋ ስታጠፋ ደብተሯን ትበሳለች።

«አንቺ? ሰው ልትጠይቂ?»

«አዎ።»

«እምቢ ቢልስ?»

እሙ ሻሿን ፈታች። የፎቶ አንሺው መልስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ እግሯ ቸኩሏል።

«ማበጠሪያሽን አምጪ» አለች፣ ወደ ጦር ኃይሎች የሚወስደውን ቁልቁለት እየጀመረች። «ፎቶ ልነሣ ነው።»