የማን ኩላሊት ነው?

ሴራሚክ ነጋዴው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክሊኒኩ አልጋ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ሐኪሙ የኩላሊት ጠጠሩን በድምፅ ሞገድ ሲሰብርለት ነበር። ሰውየው ውስጥ ለውስጥ ደምቶ ነው ያለቀው። ሐኪሙም ጥፋቱን ነርሷ ላይ ላከከ፤ ስምንት ሰዓት ላይ በአልትራሳውንድ አይቼዋለሁ፣ ደም አልነበረም፣ የገደለው ከዚያ በኋላ የወጋችው መርፌ ነው ብሎ ፎቶ አወጣ። ነርሷ ካቴና ይጠብቃት ጀመር።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «ስምንተኛ» ይሉታል፤ ትምህርቱን ያቋረጠበትን ክፍል እንዳይረሳባቸው። ባለዲግሪ በመጣ ቁጥር ሹመት በአናቱ ሲዘል ሃያ ዓመቱ ነው።

የአልትራሳውንዱን ፎቶ አንስቶ ሲያየው ሐኪሙ ቀና ብሎም አላየው። «ለአንተ ደመና ነው የሚመስልህ።»

«ደመናም ቢሆን የማን ሰማይ ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ዶክተር።»

ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፣ አለ መርማሪው በሆዱ።

ነርሷ ሰውየው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሲያቃስት እንደነበር፣ ሐኪሙን ሁለቴ ብትጠራው «ነጋዴ ሕመም አይችልም» ብሎ በስልክ የማስታገሻ መርፌ ብቻ እንዳዘዘ ነገረችው። የሟች ወንድም ደግሞ ጠጠሩ ግማሹ ስለቀረ ነገ ይደገማል መባሉን አስታወሰ። የአልትራሳውንዱ ባለሙያ፣ ጠጠር ካለ ከኋላው ጥቁር ጥላ እንደሚጥል የጠዋቱን ፎቶ እያሳየ አስረዳው። ስምንተኛ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዓይኑ የሐኪሙ ሸሚዝ ላይ ነበር። ከቀበቶው በላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ጨርቁ በአንድ በኩል ስታርች እንደነካው ደርቋል።

አራቱንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ግማሹ ጠጠር ቀርቷል ያሉት እርስዎ ነዎት። የስምንት ሰዓቱ ፎቶ ላይ ጥላ የለም። ጠጠሩ እግር አወጣ?»

ባለሙያው ፎቶውን ጠጋ ብሎ አየና አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ ላይ ጣቱን አኖረ። ኩላሊት ላይ የምትበቅል የውሃ ከረጢት ናት፤ ጠዋት ሟቹ ላይ አልነበረችም አለ።

«በሽተኛ ሲታይ የአልትራሳውንዱ ቅባት እጅጌ ይነካል እንጂ እንደ ሸሚዝዎ የሐኪሙን ጎን አይነካም» አለ ስምንተኛ። «ስምንት ሰዓት ላይ እርስዎ አልመጡም። ሰውየው ሲሞት ደነገጡና የራስዎን ኩላሊት ፎቶ አነሱ፤ የማሽኑንም ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ። ይህቺ ልጅ ደግሞ ትታሰርልዎ።»

«አንተ መሃይም፣ ምን ታውቃለህ?»

«በል ተኛ።»

ወንድምየው በሩ ላይ ቆመ። ሐኪሙ ተኛ። ባለሙያው ጎኑን ቀብቶ መመርመሪያውን ሲያሳርፍ፣ ያቺው ጥቁር ነጥብ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ነርሷ የእጇን አንጓ እያሸች አየቻት።

ስምንተኛ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። «ደመና ነው የሚመስለው» አለ። «ሰማዩ ግን ያንተ ነው።»