ደህና ነኝ ያለችበት ቀን

ከልብስ ስፌት ሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ልቧን የምትታመመው ሚስቱ ሰመመን ሲወስዳት፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላታል። ያኔ ስደቱ ሁሉ ይረሳትና ጥላው በመጣችው ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ የተኛች ይመስላታል። «ዝናቡ አባራ እንዴ?» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። እሱም የሚሰፋው ባይኖረው እንኳ፣ እንዳትነቃ ብሎ ቁራጭ ጨርቅ ላይ መኪናውን ያስኬደዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር በምን ይለካል?

ጥገኝነት ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ይግባኛቸውም ወድቋል። የቀራቸው አንድ ልመና ብቻ ነበር። ሐኪሙ በዚህ ልቧ አውሮፕላን ላይ መውጣት የለባትም ስላለ፣ እስክታገግም ድረስ መባረራቸው እንዲዘገይላቸው ፍርድ ቤቱን መለመን። ባልየው ግን ሚስቱ ተጎሳቁላ ዳኛ ፊት ስትቆም ለማየት አንጀቱ አልቻለም። የደህና ጊዜ ቀሚሷን አውጥቶ፣ በሽታው ያጎደለውን ሁሉ በመርፌ ሞላው፤ ትከሻው ላይ ስስ ጥጥ ከተተበት፣ ወገቡን አጠበበው። ስትለብሰው ሙሽራ መሰለች። ምነው ያን ቀን እጁን ባሰረው ኖሮ...!

«እማዬ፣ ሲጠይቁሽ አሞኛል በይ፣ እሺ?» አለቻት ልጇ፣ ደግፋ ደረጃውን እያወረደቻት።

«ሰው ደጅ ገና ከመግባቴ በሽታዬን ልዘርግፍ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ?»

ዳኛዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። በአስተርጓሚ በኩል «እንደምን ነዎት?» ብላ ጠየቀቻት። በሽተኛዋ ወንበሩን ጨብጣ ተነሳች፤ ፈገግም አለች።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። እርስዎስ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?»

አስተርጓሚው ቃል በቃል አስተላለፈው። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ጠበቃቸው የሐኪሙን ወረቀት ብታነሳም፣ ዳኛዋ «አይቼዋለሁ፤ ግን ቆየት ብሏል። ዛሬ እኮ እሳቸው ራሳቸው ቆመው ደህና ነኝ እያሉኝ ነው» አለች። ልመናው ውድቅ ሆነ። አንዲት የትሕትና ቃል ቤት ታፈርሳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጠበቃዋ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ፍለጋ ስትሮጥ፣ እነሱን አውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ወዳለ ማቆያ ወሰዷቸው። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ኮሽታም አይሰማበትም። ሚስትየው ራሷን ባሏ ጭን ላይ አሳርፋ፣ በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ በሰመመን ትንሳፈፍ ነበር።

«ዝናቡ... ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም የኔ ዓለም፤ ስሚው» አላትና በጣቶቹ የተቀመጡበትን አግዳሚ ወንበር ይመታ ጀመር... በቀስታ፣ ልክ እንደ ስፌት መኪናው። ፊቷ ፈታ አለ። እጇ ቀዝቅዞ እንኳ ጣቶቹ አላቆሙም፤ ልጁ መጥታ እስክትይዛቸው ድረስ።

«አባዬ፣ በቃ... ተኝታለች።»

ፍርድ ቤቱ መባረራቸውን አዘገየላቸው፤ እስክትቀበር ድረስ። ዕድል እንዲህ ናት፤ የለመኗትን ትሰጥና የተለመነለትን ሰው ትወስዳለች። ዳኛዋ አባትና ልጅን ቀና ብላ ማየት እያቃታት «እንደምን ነዎት?» አለችው።

ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለ።

አስተርጓሚው ይህችን ቃል ማስተላለፍ አቃተው።