ሹክ የምትለኝ ልጅ

ልጆቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ዝም ብዬ ስላጣኋት ልጅ ነው።

ያኔ ወጣት አናጢ ነበርኩ። ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ ልማር ገባሁ። ስድሳ ሰው በአንድ ክፍል፣ አምስት ሰው በአንድ አግዳሚ! መምህሩ ድምፁ እስኪዘጋ ይለፋል። እሱ ያለውን ሁላችን አንድ ላይ ስንደግም ጣሪያው ሊነሣ ይደርሳል። አንዱን ለይቶ ሲጠይቅ ግን ክፍሉ ጭር ይላል።

«አሁን ስትጮሁ የነበራችሁት ሰዎች የት ሄዳችሁ?» ይለናል ምስኪኑ።

በገባሁ ቀን እኔን አስነሣኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ይሄኔ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ፣ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች፣ መልሱን ሹክ አለችኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ጎበዝ!» አለ መምህሩ።

ስንወጣ ጠበቅኳት።

«አንቺ እያወቅሽ ለምን አትመልሺም?»

«አንዴ መልሼ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አፌ እሺ አይለኝም። አንተ ግን ድምፅ አለህ።»

«የመጋዝ ድምፅ ነው» አልኳት።

ሳቀች... በቃ፣ እዚያው አለቀልኝ።

ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች። ጣቶቿን ሳሙና በልቷቸዋል። አግዳሚያችን እየተወዛወዘ ጽሑፏን ሲያበላሽባት አይቼ፣ ትንሽ ሽብልቅ ጠርቤ እግሩ ሥር ሸጎጥኩላት።

«ይኸው፣ ፊደሌ ቀጥ አለ» አለችኝ።

እሷ ሹክ ትላለች፣ እኔ እጮሃለሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ሰኞ መምህሩ «ላይኛው ክፍል ያለው ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው» አለና ወደ እኔ ጠቆመ። ተጨበጨበልኝ።

ያን ቦታ ለምን እንደምትፈልገው አውቅ ነበር። ላይኛው ክፍል የገባን ሠራተኛ ሆስፒታሉ ለነርስ ረዳትነት ያሠለጥናል፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እኔ ለሳንቃ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል? «እሷ ናት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ጭብጨባው ጣፈጠኝ፣ ደግሞም አፈርኩ... ዝም አልኩ።

ላይኛው ክፍል ሹክ የሚለኝ የለም። አፌን ከፍቼ ሰነበትኩ። በሳምንቱ ሰኞ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ያ ሁሉ መልስ የእሷ ነው።»

«ምነው ቀድመህ በነገርከኝ!» አለ። አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔም ነው። ከስድሳው ሰው የጮኸውን ብቻ ሰማሁ።»

ያንኑ ቀን ቦታዬን ሰጣት። የሆስፒታሉ ምዝገባ ግን ዓርብ ተዘግቶ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ሌላ ከተማ ያለችው አክስቷ፣ እዚያ ያለው ሆስፒታል ሠልጣኝ እንደሚፈልግ መልእክት ላከችላት። ልሸኛት መናኸሪያ ሄድኩ።

«ተቀይመሽኛል?»

«አልተቀየምኩህም። ግን ልጠይቅህ... እሷ ናት ለማለት ሳምንት ሙሉ ለምን ፈጀብህ?»

ጎንበስ ብዬ የሻንጣዋን ማሰሪያ አጠበቅኩ።

«እሺ ይሁን» አለች። «አሁንስ የምትለኝ ነገር አለ?»

ነበረኝ። አትሂጂ፣ እንጋባ። ሁለት ቃል ናት። ግን እንደ ልማዴ ፊት ፊቷን አየሁ፣ ሹክ እንድትለኝ ጠበቅኩ።

እሷም ጠበቀች። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ሻንጣዋን አንሥታ ገባች።

ኋላ መምህሩ እንደነገረኝ ነርስ ሆናለች፤ አግብታ ወልዳለችም። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው።

ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ፣ መናኸሪያው መሃል እንደቆምኩ፣ መልሱ መጣልኝ።

«እንጋባ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድምፅስ ነበረኝ።