ሰዓት የሚረሳው ካሜራ

በራኺ የሞተው በገዛ ፎቶ ቤቱ፣ ከሚፈትናቸው ሁለት ዲጂታል ካሜራዎች አንዱ በሆነው በግራጫው አጠገብ ነው። ጭንቅላቱን የተመታበት የካሜራ ማቆሚያ እግሩ ሥር ወድቋል። ነጻነት በመጣ በአሥረኛው ዓመት አስመራ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ ብርቅ ነበር፤ ከጥቁሩና ከግራጫው የትኛው እንደሚሻል የከተማው ፎቶ አንሺ ሁሉ የእሱን ቃል ይጠብቅ ነበር።

መርማሪ ሣህሊቱ ሬሳውን አይታ ምንም አልተሰማትም። በትግሉ ዘመን ብዙ አይታለች። ፖሊሶቹ የፎቶ ቤቱን ሠራተኛ ለተሰንበትን በካቴና አስረዋታል፤ የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ የመጣች እናት ናት።

«ሦስት ሰዓት ላይ ‹ሁለት ሻሂ አምጪ› ብሎኝ ወጣሁ» አለች። «ስመለስ ወድቋል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፀጋዘአብ በቅርቡ ከጀርመን የተመለሰ ነው። ጥቁሩን ካሜራ ያመጣው እሱ ነው፤ ለፎቶ ቤቶቹ ሁሉ ሊያስመጣም አስቧል።

«ከከተማ ውጭ፣ ዓዲ ጓዕዳድ ነበርኩ» አለ። «ማለዳ ጥቁሩን ሰጠኝ፣ ለሙከራ አነሣሁበት። ፎቶው ላይ ሰዓቱ አለ፤ ዘጠኝ ከአሥር። በእናንተ ሦስት ከአሥር።»

«ሰዓቱን ነካክተሃል?» አለችው ሣህሊቱ።

«ከማንሻው በቀር ምንም አልነካሁም።»

ሣህሊቱ የሟቹን ሚስት ሰገንን ስለ ካሜራዎቹ ጠየቀቻት። ሰገን ሳታለቅስ ደብተሩን ሰጠቻት። «ግራጫው ከባድ፤ ባትሪው ቢወጣም ሰዓቱን አይረሳም። ጥቁሩ ቀላልና ፈጣን፤ ባትሪው ሲወጣ ሰዓቱን ይረሳል» ይላል።

ሣህሊቱ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«በራኺ ባትሪዎቹን ማታ ማታ ለቻርጅ ያወጣ ነበር። ስለዚህ የጥቁሩን ሰዓት በየማለዳው ራሱ ይሞላል። በምን አቆጣጠር?»

«በእኛ» አለች ለተሰንበት። «የግድግዳው ሰዓትም በእኛ ነው።»

«እወ፣ ልክ ነሽ። ጥቁሩ ያነሣቸው የሰሞኑ የጠዋት ፎቶዎች ሁሉ ሁለት ከሃያ፣ ሦስት ከሩብ ነው የሚሉት። ፀጋዘአብ፣ በራኺ ሞልቶ የሰጠህን ሳትነካ አንሥተህ ቢሆን ሦስት ከአሥር ይል ነበር። ዘጠኝ የሚለው በጀርመን አቆጣጠር የሚሄደው ያንተ የእጅ ሰዓት ነው። ገድለኸው ሄድክ፣ የካሜራውን ሰዓት በራስህ አቆጣጠር ወደ ኋላ መልሰህ ሞላህ፣ ከዚያ አነሣህ።»

ፀጋዘአብ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ግራጫውን ሊመርጥ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ለሁሉም ቃል ገብቻለሁ። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ካቴናው ከለተሰንበት እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። እሷ «የቐንየለይ» ብላ አመስግና ወደ ልጇ ሮጠች።

ሰገን የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ፣ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው አነበበች፦ «ጥቁሩ ይሻላል። ሰዓት መርሳቱን እችለዋለሁ። ዛሬ ሻሂ ስንጠጣ ለፀጋዘአብ እነግረዋለሁ።»

ሁለቱ ሻሂዎች ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዘዋል።